እምነት፥ አእምሮና ሥልጣን በዘመናችን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



አባቶቻችን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ። እኛም የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጆች መሆናችንን አልዘነጋንም፤ ስለዚህ ሊቃውንት ብዙ መጻሕፍት በጻፉበት ነገር ልንናገር በፊታችሁ ስንቆም ዕፍረት ይሰማናል። ነገር ግን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉትም እነዚያው አባቶቻችን ናቸው። እንግዲህ ያቦካነውን ይዘን ቀርበናል፤ ያልበሰለውን እንድታርሙልን፥ የበሰለ ቢገኝበት ደግሞ ያስተማሩንን እንድታመሰግኑልን እንለምናለን።

ይህን ርእስ እንዴት እንደ መረጥነው አስቀድመን ብንናገር መልካም ነው። ባለፈው ዓመት በትምህርተ ሃይማኖት ሰዓት ከመካከላችን አንዱ እጁን አውጥቶ፥ «ቤተ ክርስቲያን በጋሊሌኦ ላይ የፈረደችው ተሳስታ ከሆነ፥ ዛሬ የምታስተምረንን በምን እናምናለን?» ሲል ጠየቀ። ወዲያው የሰዓቱ ደወል ተደወለና መልሱ ለሌላ ቀን ተላለፈ። ጥፋቱ የደወሉ አልነበረም፤ የእኛ ነበር። ከክፍል ስንወጣ ከበን ሳቅንበት፤ አንዳንዶቻችን «መናፍቅ» አልነው፤ ሌሎቻችንም «አንተ ማን ነህና ነው ሊቃውንትን የምትመረምር?» አልነው። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ወንድማችን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ በዚያ ሰዓት አንድ ቃል እንኳ ሳይናገር ቀረ። ዝምታውን እኛ እንደ መሸነፍ ቈጠርነው። ቈይተን ስናስበው ግን ከእኛ አንዳችንም መልሱን እንደማናውቅ፥ ሳቃችንም የድንቍርናችን መሸፈኛ እንደ ነበረ ተረዳን። ይህ ንግግር እንግዲህ ለዚያ ወንድማችን ያለብን ዕዳ ነው። የምንጠራቸውንም ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እንገልጻለን።

በክፍላችን ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ወገን፥ «ሰው ካመነ በኋላ መጠየቅ የለበትም፤ ጥያቄ የጥርጥር በር ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ «ዘመናዊ ሰው በዐይኑ ያላየውንና በአእምሮው ያልመዘነውን ሊቀበል አይገባውም፤ ሥልጣን ለሕፃናት ነው» ይላል። ሁለቱ ወገኖች ጠላቶች ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም እምነትና አእምሮ በአንድ ቤት አብረው ሊያድሩ አይችሉም በማለት ነው። እኛ ዛሬ ልናሳይ የምንሞክረው ሁለቱም እንደ ተሳሳቱ ነው።

በመጀመሪያ ሁለተኛውን ወገን እንጠይቅ። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ሁላችንም በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈናል። ከእኛ ውስጥ በገመድ የለካ ማን ነው? ሐኪም የሰጠንን ኪኒን የምንውጠው ቅመሙን መርምረን ነውን? የተወለድንበትን ቀንስ ከእናታችን አፍ ካልሆነ ከየት አወቅነው? ቅዱስ አውግስጢኖስ ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ እንደዚህ ያለውን ነገር አስቦበታል፤ ያላያቸውን አገሮችና ከተሞች፥ የራሱንም ወላጆች ማንነት ያወቀው ሌሎችን በማመን መሆኑን ሲያስተውል፥ ያለ እምነት በዚህ ዓለም አንዳች ሥራ መሥራት እንደማይቻል ተረዳ። ስለዚህ ሥልጣንን መቀበል የሕፃንነት ምልክት ብቻ አይደለም፤ የሰው ኑሮ ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነው። ጥያቄው «ሥልጣን እንቀበል ወይስ አንቀበል?» ሳይሆን፥ «የትኛውን ሥልጣን፥ በየትኛው ነገር፥ እስከ የት ድረስ?» የሚል ነው።

የመጀመሪያውን ወገን ደግሞ በቤተ ክርስቲያን በራስዋ ትምህርት እንጠይቀው። በሚያዝያ 1870 የመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ ባወጣው ውሳኔ፥ በእምነትና በአእምሮ መካከል እውነተኛ ተቃርኖ ከቶ ሊኖር እንደማይችል አስተምሯል። ምክንያቱም ምሥጢርን የገለጠው አምላክና በሰው ነፍስ ውስጥ የአእምሮን ብርሃን ያበራው አምላክ አንድ ነው፤ አምላክም ራሱን አይክድም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1998 «እምነትና አእምሮ» ብለው በጻፉት መልእክት፥ ሁለቱን የሰው መንፈስ ወደ እውነት በሚበርርባቸው ሁለት ክንፎች መስለዋቸዋል። በአንድ ክንፍ የሚበር ወፍ አላየንም። እንግዲህ አእምሮውን የሚዘጋ ሰው ለእምነት ውለታ የዋለ ቢመስለውም፥ ክንፏን እየሰበረ ነው።

ነገር ግን ወንድማችን የጠየቀው ስለ ውሳኔዎች አልነበረም፤ ስለ ሆነ ነገር ነበር። ስለዚህ የጋሊሌኦን ነገር ሳንሸሽ፥ ሳንጨምርና ሳንቀንስ እንናገር።

በአገራችን «ንጉሥ አይከሰስ፥ ሰማይ አይታረስ» ይባላል። ጋሊሌኦ ጋሊሌይ ግን ሰማይን ያረሰ ሰው ነው። በ1564 በኢጣልያ አገር በፒሳ ተወለደ። በ1609 የሩቅ ማሳያ መነጽርን አሻሽሎ ሠራና ወደ ሰማይ አቀናው፤ በሚቀጥለው ዓመት በ1610 በጁፒተር ዙሪያ የሚዞሩ አራት ጨረቃዎችን አገኘ። ከእርሱ በፊት በ1543 በፍሮምቦርክ ካቴድራል አገልጋይ የነበረው ፖላንዳዊው ኮፐርኒክ፥ ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ መጽሐፉንም ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ሣልሳዊ አበርክቶት ነበር። ጋሊሌኦ በመነጽሩ ያየው ነገር የኮፐርኒክን አሳብ የሚያጠናክር ሆኖ አገኘው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። በ1611 ጋሊሌኦ ወደ ሮም በሄደ ጊዜ በክብር የተቀበሉት የኢየሱሳውያን ኮሌጅ ሊቃውንት ነበሩ። ከእነርሱም ዋናው አባ ክላቪዩስ ነበር፤ ይህ ሰው በ1582 የአውሮፓ የቀን አቈጣጠር ሲታረም ብዙ የደከመ የሒሳብ ሊቅ ነው። በዚያ ዓመት በጥቅምት 4 የተኛ የሮም ሰው በማግሥቱ የነቃው በጥቅምት 15 ነበር፤ የተጠራቀመው የቈጠራ ስሕተት እንዲታረም ዐሥር ቀኖች ተዘለዋልና። እነዚህ ሊቃውንት የጋሊሌኦን አዲስ ግኝት በራሳቸው መነጽር ተመልክተው እውነት መሆኑን መሰከሩ። ስለዚህ በመነጽር ለመመልከት እንኳ የፈሩ ካህናት ብቻ እንደ ነበሩ አድርጎ ማውራት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ክርክሩ የተነሣው በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ነው። በኢያሱ መጽሐፍ ፀሐይ እንደ ቆመች ተጽፏል፤ እንግዲህ ፀሐይ የማትዞር ከሆነች እንዴት ቆመች ይባላል? ጋሊሌኦ በ1615 በጻፈው ረጅም ደብዳቤ የሰጠው መልስ፥ መጽሐፍ ቅዱስ ለሰው ሁሉ በሚገባ አነጋገር የሚናገር መሆኑን፥ የሚያስተምረንም የመዳንን መንገድ እንጂ የከዋክብትን መንገድ አለመሆኑን የሚያስረዳ ነበር። ለዚህም ቅዱስ አውግስጢኖስን ምስክር ጠራ። ይህ አነጋገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ በጉባኤ ቤት የትርጓሜ መምህር አንዱን ኀይለ ቃል ፈትቶ ሲያበቃ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፍች ይጨምራልና። ቃሉን የሚያከብር ሰው ቃሉ በአንድ ፍች ብቻ እንዲታሰር አያደርግም።

ካርዲናል ቤላርሚኖ ደግሞ በዚያው ዓመት በጻፈው ደብዳቤ፥ ምድር እንደምትዞር የተረጋገጠ ማስረጃ ከመጣ የመጽሐፉን ቃል በጥንቃቄ እንደገና መተርጐም እንደሚያስፈልግ አምኗል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ማስረጃ ገና አለመቅረቡን ተናግሯል። በዚህ ነገር ካርዲናሉ አልተሳሳተም። ጋሊሌኦ እንደ ዋና ማስረጃ የቈጠረው የባሕር ሙላትና ጕድለት ነበር፤ እርሱም ስሕተት መሆኑ ኋላ ታውቋል። ምድር ስትዞር የአንድ ኮከብ ስፍራ በጥቂቱ ፈቀቅ ብሎ መታየቱን በልክ ያሳየው ጀርመናዊው ቤሰል ነው፤ ያውም በ1838 ነው። እንግዲህ ነገሩ የሚያስደንቅ ነው፤ የሳይንሱ ሰው ስለ መጽሐፍ ቅዱስ አተረጓጐም ከብዙ መምህራን ይልቅ በትክክል ተናገረ፤ ካርዲናሉ ደግሞ ስለ ሳይንስ ማስረጃ ምንነት ከሳይንሱ ሰው ይልቅ ጠንቃቃ ሆኖ ተገኘ።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጥንቃቄ ብትጸና ኖሮ መልካም ነበር። ነገር ግን በ1616 የሮም ባለሥልጣኖች የምድርን መዞር ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር የሚቃረን ሐሰት ነው ብለው የኮፐርኒክን መጽሐፍ እስኪታረም ድረስ አገዱ፤ ጋሊሌኦንም እንዳይደግፈው አስጠነቀቁት። በ1632 ጋሊሌኦ ሁለቱን አሳቦች የሚያከራክር መጽሐፍ በፍሎሬንስ አሳተመ። ቀድሞ ወዳጁ የነበሩት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ ስምንተኛ የራሳቸው መከራከሪያ በመጽሐፉ ውስጥ ሲምፕሊቺዮ በተባለው ደካማ ተከራካሪ አፍ ተቀምጦ ስላገኙት ተቈጡ። ሰኔ 22 ቀን 1633 የስድሳ ዘጠኝ ዓመቱ ሽማግሌ በሮም ተንበርክኮ ትምህርቱን እንዲክድ ተደረገ።

እኛ አንዳንዶቻችን ጋሊሌኦ በእሳት የተቃጠለ ይመስለን ነበር። አልተቃጠለም። በፍሎሬንስ አጠገብ በአርቼትሪ ባለው ቤቱ ታግዶ ኖረ፤ በዚያም ሆኖ ስለ እንቅስቃሴ የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ በ1638 በሆላንድ አገር ታተመ፤ በ1642 ዐረፈ። ከዐሥሩ ዳኞች ካርዲናሎችም ሦስቱ በፍርዱ ወረቀት ላይ አልፈረሙም። ይህን ሁሉ የምንናገረው ፍርዱን ለማቅለል አይደለም። ሰውን በማስፈራራት ያላመነበትን በአፉ እንዲናገር ማድረግ በደል ነው። እውነትን እንጠብቃለን ያሉ ሰዎች አንድን ሽማግሌ እንዲዋሽ አስገደዱት፤ ከዚህ የበለጠ አሳዛኝ ነገር የለም።

ወንድማችን የጠየቀው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። እንዲህ ከሆነ ለምን እናምናለን? የእኛ መልስ ሦስት ክፍል አለው።

የመጀመሪያው፥ የሥልጣንን ወሰን መለየት ነው። በሐምሌ 1870 ያው የቫቲካን ጉባኤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የማይሳሳቱበትን ነገር ሲወስን ወሰኑን ጠባብ አድርጎ አስቀምጦታል፤ ይኸውም የሁሉ ክርስቲያን እረኛና መምህር ሆነው፥ ስለ እምነት ወይም ስለ ግብረ ገብ፥ መላዋ ቤተ ክርስቲያን የምትይዘውን ትምህርት በመጨረሻ ቃል ሲወስኑ ብቻ ነው። ከዚያ ጊዜ ወዲህ በግልጽ በዚህ መንገድ የተወሰነው በ1950 የእመቤታችን ፍልሰት ትምህርት ነው። የ1633 ፍርድ ግን የአንድ ችሎት ፍርድ ነበር። የአየሩን ጠባይ፥ የመንግሥትን ፖለቲካ፥ የከዋክብትን ርቀት በተመለከተ ማንም ካቶሊካዊ ጳጳስ አይሳሳትም ብሎ እንዲያምን አልታዘዘም። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ፥ ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃል፤ ወይም ሁሉን ነገር እንደ ሃይማኖት ይቀበላል፥ ወይም አንድ ስሕተት ሲያገኝ ሁሉን ይጥላል።

ሁለተኛው፥ ስሕተቱን የሚናዘዝ ሥልጣን ስሕተቱን ከሚደብቅ ሥልጣን የተለየ መሆኑን ማወቅ ነው። በ1758 የምድርን መዞር የሚያስተምሩ መጻሕፍት አጠቃላይ ክልከላ ቀረ፤ በ1835 በታተመው የተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር የኮፐርኒክና የጋሊሌኦ ስም አልተገኘም፤ ዝርዝሩም ራሱ በ1966 ተሻረ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 የሳይንስን ነጻነት በሚገባ ባለመረዳት የተሳሳቱ ክርስቲያኖች መኖራቸውን በሐዘን አስታወሰ። በመጨረሻም ጥቅምት 31 ቀን 1992 ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በሊቃውንት ፊት ቆመው የዚያን ዘመን የሃይማኖት መምህራን ስሕተት በግልጽ ተናገሩ። ከፍርዱ እስከዚያ ቀን 359 ዓመት ነው። ይህ መዘግየት የሚያስመሰግን አይደለም። ነገር ግን ጥፋቱን ባደባባይ የሚናገር አባት፥ ልጆቹ ከዚያ በኋላ ያፍሩበታልን ወይስ ያከብሩታል? እኛ በቤታችን እንደምናውቀው፥ «አጥፍቻለሁ» ያለ አባት ቃሉ ይበልጥ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ሦስተኛው፥ እምነትና ሳይንስ በአንድ ሰው ውስጥ በሰላም የኖሩበትን ምሳሌ ማየት ነው። ለዚህ ቤልጅጋዊውን ካህን ዦርዥ ለሜትርን እናቀርባለን። በ1894 ተወለደ፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በመድፈኛነት ተዋጋ፤ በ1923 ክህነት ተቀበለ፤ ኋላም በሉቬን ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ። በ1927 አጽናፈ ዓለም እየሰፋ እንደሚሄድ በሒሳብ አስረድቶ ጻፈ። ታላቁ አይንስታይን ሒሳቡን አመሰገነ፥ አሳቡን ግን ነቀፈ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በዚያ ዘመን በሳይንስ ዓለም ከአይንስታይን የሚበልጥ ሥልጣን አልነበረም፤ ቢሆንም ትክክለኛው ያልታወቀው ካህን ነበር። እንግዲህ ሥልጣን የሚሳሳተው በቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። አይንስታይን ግን ማስረጃው እየጠነከረ ሲመጣ አሳቡን ለወጠ፤ ይህም ያስከብረዋል።

በ1931 አባ ለሜትር ዓለም ሁሉ ከአንድ የመጀመሪያ አቶም ጀመረ የሚለውን አሳብ አቀረበ፤ ዛሬ «ታላቁ ፍንዳታ» ተብሎ የሚታወቀው ትምህርት መነሻ ይህ ነው። በኅዳር 1951 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥራ ሁለተኛ ይህን የሳይንስ ግኝት ከፍጥረት ትምህርት ጋር አቀራርበው በደስታ ተናገሩ። አንድ ካህን እንዲህ ያለ ክብር ሲያገኝ ደስ ሊለው በተገባ ነበር። አባ ለሜትር ግን አልተደሰተም። የእርሱ አሳብ በመለኪያና በሒሳብ ሊመረመርና ሊወድቅም የሚችል የሳይንስ አሳብ እንጂ የሃይማኖት ማስረጃ አለመሆኑን ያምን ነበርና፥ ሁለቱ እንዳይደባለቁ ጣረ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም በሚከተለው ዓመት በሮም ለተሰበሰቡ የከዋክብት ተመራማሪዎች ሲናገሩ ያን አነጋገር አልደገሙትም። በ1966 አባ ለሜትር ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ የዚያን የመጀመሪያ ሙቀት ቅሪት የሆነ ጨረር መገኘቱን የሚገልጽ ወሬ ደረሰው።

ከጋሊሌኦ ታሪክ ይልቅ ይህ ታሪክ ብዙ ያስተምረናል። ካህኑ ሥልጣንን አልናቀም፤ ታዛዥ ካህን ሆኖ ኖረ፥ የጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚም ፕሬዚዳንት ነበር። ነገር ግን መታዘዝ ማለት ዝም ማለት አይደለም። የሚወድደውን ሥልጣን ከስሕተት ለመጠበቅ በአክብሮት ተናገረ፤ ሥልጣኑም ሰማ። ታዛዥነትና ነጻነት እንዲህ አብረው ሲሄዱ ቤት አይፈርስም።

ክቡራንና ክቡራት፤ ስለ ሮምና ስለ ሉቬን ብቻ ተናግረን ብንቀመጥ ራሳችንን በሸሸን ነበር። የጋሊሌኦ መጽሐፍ በታተመበት በዚያው በ1632 በእኛ አገር ምን እንደ ሆነ ታስታውሳላችሁ። አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1603 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ቋንቋችንን ተምሮ በትዕግሥት ያስተምር ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በግልጽ ተቀበሉ። በ1625 የመጣው አልፎንሱ ሜንዴዝ ግን በትዕግሥት ፈንታ ትእዛዝን መረጠ፤ የሕዝቡ ጾም፥ ሥርዐተ ቅዳሴውና የሰንበት አከባበሩ በዐዋጅ እንዲለወጥ ተደረገ፤ ካህናት እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ ተጠየቀ። ሕዝቡ ዐመፀ፤ ወንድም ከወንድሙ ጋር ተጋደለ፤ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። በ1632 ንጉሠ ነገሥቱ ደም መፍሰሱን አይተው ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁና ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጆች፥ የእስልምና ልጆች፥ የወንጌላውያንና የካቶሊክ ልጆች አንድ ላይ ተቀምጠናል። ካቶሊካውያን የሆንነው ልጆች ይህን ታሪክ ስናነብ አንገታችንን እንደፋለን። ነገር ግን በእምነት ምክንያት ግፍ የደረሰባቸውም አሉ፤ ጎጃም የተወለደው አባ ገብረ ሚካኤል በየገዳሙ እውነትን ሲመረምርና ሲጠይቅ ኖሮ የካቶሊክን እምነት ከያዘ በኋላ በእስራት ተሠቃይቶ በ1855 ሞተ፤ በ1926 በሮም ብፁዕ ተባለ። እንግዲህ ግፍ የአንድ ወገን ርስት አይደለም። ከሁለቱም ታሪክ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ እምነት በዐዋጅ አይተከልም፥ በሰንሰለትም አይነቀልም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በታኅሣሥ 1965 ማንም ሰው በሃይማኖት ነገር ከኅሊናው ውጭ እንዲሠራ መገደድ እንደማይገባው ሲወስን፥ እኛ ኢትዮጵያውያን ከ333 ዓመት በፊት በደም የተማርነውን ትምህርት በቃል አጸናው ለማለት እንደፍራለን።

ስለ ኅሊና ከተነሣ አንድ ሰው ሳንጠቅስ አናልፍም። እንግሊዛዊው ጆን ሄንሪ ኒውማን በ1845 ብዙ መርምሮ ካቶሊካዊ የሆነ ሊቅ ነው፤ በ2019 ቅዱስ ተብሏል። በ1875 በጻፈው ደብዳቤ፥ በማዕድ ላይ ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጽዋ አንሣ ቢባል እንደሚያነሣ፥ ነገር ግን አስቀድሞ ለኅሊና እንደሚያነሣ ተናግሯል። ይህን ቃል ብዙዎች «ደስ ያለህን አድርግ» ማለት አድርገው ይተረጕሙታል። ኒውማን ግን ኅሊና ማለት የራስ ፈቃድ ሳይሆን በነፍስ ውስጥ የሚሰማ የእግዚአብሔር ድምፅ መሆኑን አስተምሯል። ኅሊና ይታነጻል፤ ይማራል፤ ሊታመምም ይችላል። ሥልጣን የሚያስፈልገው ኅሊናን ለመተካት ሳይሆን እንደ መልካም ሐኪም ለማዳን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። ዘመናዊ ሥልጣኔ ሥልጣንን ሽሮ አእምሮን ያነገሠ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በኪሳችን በያዝነው ስልክ አንድ ሰው ስሙን ሳይናገር ወሬ ይልክልናል፤ መቶ ሺህ ሰው ስላየው ብቻ እናምነዋለን። ሊቀ ጳጳስ ሲናገር «ማስረጃህ ምንድን ነው?» የምንል ልጆች፥ ማንነቱን የማናውቀው ሰው በስልክ ሲናገር ማስረጃ አንጠይቅም። የጠየቅነውን ሁሉ የሚመልስ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም መጥቷል፤ አንዳንዶቻችን የቤት ሥራችንን አሠርተነው ትክክል ይሁን ስሕተት ሳንመረምር ለመምህራኖቻችን አስረክበናል። ይህን በፊታቸው መናዘዝ ይገባናል! ቫቲካን በጥር 2025 ስለዚህ ነገር ባወጣችው ጽሑፍ የመሣሪያ ብልሃት ከሰው አእምሮ ጋር አንድ አለመሆኑን፥ ኀላፊነትም ከሰው ትከሻ እንደማይወርድ አስገንዝባለች። እንግዲህ የዘመናችን ሰው ዙፋኑን አልሻረም፤ በዙፋኑ ላይ የተቀመጠውን ለወጠ እንጂ።

ስለዚህ ማናቸውም ሥልጣን ሲናገረን ሦስት ጥያቄ እንድንጠይቅ እናሳስባለን። አንደኛ፥ የሚናገረው በተሰጠው ወሰን ውስጥ ነውን? ሁለተኛ፥ ለቃሉ ስሙን ሰጥቶ ይጠየቅበታልን፥ ስሕተት ሲገኝበትስ ያርማልን? ሦስተኛ፥ እውነትን እንድንወድድ ያደርገናልን ወይስ እንድንፈራ ብቻ? በእነዚህ ጥያቄዎች የቤተ ክርስቲያንም አስተማሪ፥ የሳይንስም ሊቅ፥ የስልኩም ወሬ ይመዘን። እውነት መመዘንን አይፈራም።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፤ በሚቀጥለው ዓመት ብዙዎቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ እንሄዳለን። ትምህርት እምነታችንን እንዳይወስድብን እንደምትፈሩ እናውቃለን። እኛ እንደምናስበው እምነትን የሚወስደው ጥያቄ አይደለም፤ መልስ ያላገኘ፥ የተሳቀበትና በዝምታ የታፈነ ጥያቄ ነው። ስንጠይቃችሁ አትደንግጡ፤ የማታውቁትን «አላውቅም» በሉን፥ አብረንም እንፈልግ። ክቡራን መምህራን፤ ደወል ተደውሎ የተቋረጠውን ጥያቄ በማግሥቱ አስታውሱት። ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ጠያቂ ሲነሣ አትሳቁበት፤ ለእናንተም ጭምር እየጠየቀ ነውና።

ይህን ጽሑፍ ከማንበባችን በፊት ለዚያ ወንድማችን ሰጥተነው ነበር። ሁለት ጊዜ አነበበውና፥ «አሁንም ሁሉ ነገር አልተመለሰልኝም፤ ነገር ግን ጥያቄዬን ጥያቄ ነው ብላችሁ ከተቀበላችሁኝ፥ የቀረውን አብረን እንፈልገዋለን» አለን። ይቅርታ ጠየቅነው፤ እርሱም ይቅር አለን። በዚህ በዓል ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጧል።

ይህን ትምህርት ቤት የመሠረቱ፥ ያስተማሩንና የታገሡንን ሁሉ እግዚአብሔር ይባርክ። ትምህርት ቤታችንም እምነትን ያለ ፍርሀት፥ ጥያቄን ያለ ንቀት የምታስተምር ሆና ለብዙ ዘመን ትኑርልን።